ከተሰረዘችው ቀጥሎ የነበረችው

ባለፈው ሳምንት መብራት ሲመጣ ልጄ ላፕቶፗን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። እዚህ የመን፣ ዓደን ውስጥ መብራት ሲመጣ ሁሉም ወደየጉዳዩ ይሮጣል፤ አንዱ ውሃ ይስባል፣ አንዱ ልብስ ያጥባል። እሷ ደግሞ የኮሌጅ የቤት ሥራዋን ልትጨርስ ነበር። የፍራፍሬ ስሞች ደርድራ፣ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ ኮምፒውተሩ ስሞቹን ተራ በተራ እያየ የተበላሸውን እንዲሰርዝ፣ ደህናውን እንዲያትም አዛዋለች።

«ባባ፣ ማንጎውን ዘለለብኝ» አለችኝ። ማንጎው የተጻፈው ከተበላሸው ሙዝ ቀጥሎ ነበር። የጻፈችውን ማየት እንኳ አላስፈለገኝም።

ያንኑ ስሕተት እኔ ስሠራ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በሳቲን በሚባለው የዓደን ሰፈር፣ ወደ አገራቸው በመርከብ መመለስ የሚፈልጉ ኢትዮጵያውያንን በሚመዘግብ አንድ ትንሽ ቢሮ እሠራ ነበር። ጠዋት ከምኖርበት ሰፈር፣ ከዳር ሰዓድ፣ በሚኒባስ እመጣለሁ፤ መንገዱ አቧራ ነው፣ በሙቀቱ ወራት ሸሚዜ ገና ሳልደርስ ጀርባዬ ላይ ይጣበቃል። ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ፉል በትኩስ የዓረብ ዳቦ፣ በኽብዝ፣ በልቼ፣ ወተት የበዛበት ሻሂ ጠጥቼ እገባለሁ። የዚያ ፉል ጣዕም ዛሬም አፌ ላይ አለ። የብዙዎቹን ተመዝጋቢዎች ፊት ግን ረስቼዋለሁ።

መርከብ ሲገኝ ሰዉን እየደወልኩ የምጠራው እኔ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። ጉራ አይሁንብኝና፣ ከኢንተርኔት በለቃቀምኳት እውቀት አንዲት አጭር ፕሮግራም ጻፍኩ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች ስም በስም ታልፋለች፤ ወደ ሳዑዲ የሄደ ሰው ካገኘች ትሰርዛለች፤ ለቀረው «ነገ ጠዋት በአንድ ሰዓት ቢሮ ተገኝ» የሚል መልእክት ትልካለች። የአንድ ቀን ሥራ በሁለት ደቂቃ አለቀ፤ እኔም እግሬን ጠረጴዛው ላይ ሰቀልኩ።

ከተመዝጋቢዎቹ አንዷ ዘሀራ የወሎ ልጅ ነበረች፣ ከከሚሴ አካባቢ። ዓደን ውስጥ ሰው ቤት አራት ዓመት ሠርታለች። እናቷ አልጋ ከያዘች ሰንብታ ነበር፤ የዘሀራ ሐሳብ የእናቷ ነፍስ ሳትወጣ መድረስ ብቻ ነው። የተመዘገበችው ከመንደሯ ልጅ ከሉባባ ጋር ነበር። የእኛ ሰው አብሮ ከመጣ አብሮ ይሰለፋል፣ ስሙም ተከታትሎ ይጻፋል። መርከቡ ሊመጣ ሦስት ቀን ሲቀረው ግን ዘሀራ ብቻዋን መጣች። ሉባባ ሐሳቧን ለውጣ ከደላላ ጋር ወደ ሳዑዲ ሄዳለች።

«ቦታዋን ሌላ ምስኪን ይያዘው፤ ባዶ ቢሄድ ሐራም ነው» አለችኝ።

ከሉባባ ስም አጠገብ «ሄዳለች» ብዬ ጻፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ስም ሲሰረዝ ከሥሩ ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ደረጃ ከፍ ይላሉ። የዳቦ ሰልፍ ላይ አንዱ ሲወጣ ከኋላው ያለው ቦታውን እንደሚይዝ ማለት ነው። ፕሮግራሟ ግን ያንን ቦታ አይቼዋለሁ ብላ ወደ ቀጣዩ ትሻገራለች። ስለዚህ ከተሰረዘው ቀጥሎ ያለው ይዘለላል። እሱም አብዛኛውን ጊዜ የሄደው ሰው ጓደኛ፣ ብቻውን የቀረው ነው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

መርከቡ በሄደ ማግስት ዘሀራ ሻንጣዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«አንዋር ወንድሜ፣ መቼ ነው የምንሄደው?»

ዝርዝሩን ከፈትኩ። ስሟ አለ። መልእክት ከተላከላቸው መካከል ግን የለችም። ሌሎች ሁለት ሰዎችም እንደ እሷ ተዘለዋል፤ እነሱ መጥተው አልጠየቁም። ምን እንዳደረግሁ ወዲያው ገባኝ። ዝርዝሩን መልሼ ዘጋሁት።

«ትናንት ሄደ። መልእክት አልደረሰሽም?»

«ወላሂ፣ ስልኩን ከእጄ አላወረድኩትም።»

«እንግዲያው ኔትወርኩ ይሆናል» አልኳት።

ስልኳን አየችው፤ በሻርፗ ጫፍም ጠረገችው። «መክቱብ ነው፣ አላህ የጻፈው ነው፤ አንተማ ምን ታደርግ። ደክመህልኛል፣ አላህ ይስጥህ» ብላኝ ሻንጣዋን አነሳች።

ቀጣዩ መርከብ የመጣው ከወራት በኋላ ነው። ፕሮግራሟን አስተካክያት ነበር፤ ለዘሀራ ግን ራሴ ደወልኩ። እናቷ ከተቀበረች ሰንብታለች። «ከእንግዲህ ለማን ብዬ እመለሳለሁ?» አለችኝ። ሉባባ በሄደችበት መንገድ ልትሄድ ተነስታለች። ከስሟ አጠገብ «ሄዳለች» ብዬ ጻፍኩና ወደ ቀጣዩ ስም አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ወሬዋን አልሰማሁም።

ለልጄ፣ እያለፈችበት ያለውን ዝርዝር እንዳትነካ፣ ቅጂ አውጥታ በቅጂው ላይ እንድታልፍ ነገርኳት። ማንጎው ታተመ። ሳላየው እንዴት እንዳወቅሁ ስትጠይቀኝ ድሮ ሥራ ላይ አጋጥሞኝ እንደነበር ብቻ ነገርኳት።

«አላህ ይስጥህ ባባ» አለችኝ።

ማልቀስ የሚገባኝ መሰለኝ፤ እንባው ግን አልመጣም። በዚህች ስሕተት ያመሰገነችኝ ሁለተኛዋ ሴት ናት። እውነቱን ለእሷም አልነገርኳትም።