አሮጌ ላፕቶፕ በአዲስ ካርቶን

ከቆቦ የወጣሁት ሱብሂ ተሰግዶ ገና ሳይነጋ ነው። ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ መናኸሪያ የሸኘኝ ታናሽ ወንድሜ ኑሩ ነው። እናቴ ደጃፍ ላይ ዱዓ አድርጋልኝ ቀረች፤ እስከ አውቶቡሱ ብትመጣ ኖሮ ወላሂ አልሄድም ነበር። ሞተሩ ሲነሳ የኑሩን ክንድ ጭምድድ አድርጌ ይዤ፣ "ስማ፣ እኔ የምሄደው አንተ እንዳትሄድ ነው" አልኩት። የጎረቤታችን ልጅ በጅቡቲ በኩል ወጥቶ ባሕር ላይ ከቀረ ገና ዓመት አልሞላውም ነበር።

"አብሽሪ እታለም፣ እኔ የት እሄዳለሁ?" አለኝ።

ሮቢትን አልፈን ጎብዬ እስክንደርስ አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ ሙዝ ሰጡኝ፤ እሱንም እያለቀስኩ በላሁት።

ሪያድ ሙቀቱ አላስደነቀኝም፤ የቆቦ ልጅ ሙቀት ምኗ ነው? ግን የእኛ ሙቀት ሲመሽ ሰው ደጅ ወጥቶ ይጫወትበታል፣ የዚህኛው ሰውን ቤት ቆልፎበት ይውላል። የአሠሪዬ፣ የማዳም ቤት ሦስት ፎቅ ነው። እኔ የምተኛው ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ማሽኑ ሥር ነው። ለቤተሰቤ ግን "ሰፊ ክፍል አለኝ" አልኩ። ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ የምንተኛው ሌላ፣ ፎቶ የምንነሳው ማዳም ሳሎን።

ኑሩ አስራ ሁለተኛን ጨርሶ በሰው ኮምፒውተር ማመልከቻ ይተይባል፣ በገበሬው ስልክ ላይ መንዙማ ይጭናል። "የራሴ ላፕቶፕ ቢኖረኝ አንዲት ጠባብ ቤት ተከራይቼ እሠራ ነበር" ሲለኝ፣ በቃ ልጁን ከባሕር የማስቀርበት ነገር ተገኘ አልኩ። የአዲሱን ዋጋ ጠየቅሁ፤ የስምንት ወር ደመወዜ ነው። ስለዚህ አንድ ዓርብ ማዳምን አስፈቅጄ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ሰፈር ሄድኩ። "ሙስተዕመል" ይሉታል፣ ሰው የተጠቀመበት ማለት ነው።

እህቶቼ፣ ስሙኝማ። አዲስ፣ አዲስ እያላችሁ ላባችሁን አትድፉ። አሮጌ ግዙ፣ ግን አስከፍታችሁ ግዙ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ንኩ፣ ቻርጀሩን ንቀሉና ባትሪው ስንት እንደሚቆይ እዚያው ቆማችሁ እዩ፣ ክዳኑን አሥሬ ክፈቱ ዝጉ። ቢሰለቻቸው ይሰልቻቸው!

"ማን ነበር የሚጠቀምበት?" አልኩት ባለሱቁን።

"አንድ ዶክተር ነው። በወር አንዴ ነበር የሚከፍተው።"

"ታዲያ ኤ ፊደልን ምን በላት? ጠፍታለች እኮ።"

"ዶክተሩ ስሙ አሕመድ ነው" አለኝ ዓይኑን በጨው አጥቦ። በንዴቴ መሃል ሳቄ መጣ። ዋጋ አስቀነስኩ፣ ፊደሏን አስቀየርኩ፣ በሁለት ወር ደመወዝ ገዛሁት። ጥሩ ዕቃ ነበር፣ አልዋሽም።

ምነው እዚያ ላይ በቆምኩ! እዚያው ሰፈር ባዶ ካርቶን ይሸጣል። አዎ፣ ባዶ ካርቶን! አሮጌውን ከትቶ፣ በላስቲክ አሽጎ አዲስ የሚያስመስል ሰው አለ፤ ደንበኞቹም እኛው ነን። እናቴ ከውጭ የመጣ ዕቃ ጎረቤት ካልተሰበሰበ አትከፍትም። "ልጅሽ የሰው ትራፊ ላከችልሽ?" የሚላት ደግሞ አይጠፋም። አውቃችኋለሁ እኮ፣ የቆቦ ሰዎች! ወሬያችሁ ከሰዓት በፊት ዋጃ ከተማ ይገባል። እኔም ከፍዬ አሳሸግኩት።

ላፕቶፑን አገር ቤት ይዛልኝ የገባችው ጓደኛዬ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ "ኧረ አሮጌ ነው" ብላ ብትምል ብትገዘት፣ ፈታሹ "እህቴ፣ በላስቲክ የታሸገ አሮጌ የት አገር ነው ያለው?" ብሎ የአዲስ ቀረጥ አስከፈላት። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ዕቃው ሲደርስ ኑሩ ጮቤ ረገጠ፣ እናቴ እልል አለች። እኔ ማሽኑ ሥር ጋደም ብዬ "አልሃምዱሊላህ፣ ወንድሜ ተረፈ" አልኩ። ሦስት ወር ሠራበት። ከዚያ አንድ ቀን ከማላውቀው ቁጥር ተደወለ።

"እታለም፣ ጅቡቲ፣ ኦቦክ ነኝ። ባሕሩ ዳር ጀልባ እየጠበቅን ነው።"

"አበድክ እንዴ? ምን ጎደለህ? ላፕቶፑስ?"

"ሸጥኩት፤ ለደላላ ከፈልኩት። አንቺ ዓመት ሳይሞላሽ እንዲያ ያለ አዲስ ዕቃ ከገዛሽ፣ እኔ የሰው ማመልከቻ ስተይብ ላርጅ?"

"አሮጌ ነው ኑሩ! ወላሂ አሮጌ ነው! አዲሱ ካርቶኑ ነው!"

ሳቀ። "እንዳልመጣ ነው አይደል?"

"የምተኛው ልብስ ማጠቢያ ሥር ነው እኮ! ስማኝ፣ ተመለስ!"

"አብሽሪ፣ እኔ ስመጣ ቤት እንከራያለን" አለኝ። ስልኩ ተቋረጠ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔስ እያደር ከበደ። ደላላውን አላህ የሥራውን ይስጠው። እናንተም "የማን ልጅ ምን ላከ?" እያላችሁ የምትቆጥሩት፣ በእናንተም አንጀቴ አርሯል፣ ደስ ካላላችሁ ተዉት። ግን ካርቶኑን ማን ገዛ? እኔው ነኝ፣ በገዛ እጄ። ሰው ምን ይላል ብዬ፣ ያ ሰው ደግሞ ዛሬ ወንድሜን ከባሕር አያወጣልኝም!

ከደወለ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ቁጥሩ አይሠራም። ትናንት እናቴ ደወለች።

"ኑሩ ደረሰልሽ?"

"ገና ነው እማ።"

"እንግዲህ ሲደርስ አልጋ ግዢለት። አደራ፣ አዲስ ይሁን። የሰው ላብ የጠጣ ፍራሽ ላይ እንዳታስተኚብኝ።"

ሁሉን ልነግራት አፌን ከፈትኩ።

"እሺ እማ" አልኳት። "አዲስ እገዛለታለሁ።"