ስህተትን በቀይ ማን አዘዘ?

የኮምፒውተሩን ቀለም ሲያሳምር የሚውል ሰው ሥራ የፈታ ነው ብዬ አምን ነበር። ደብረ ታቦር ካለው ቢሮዬ አጠገብ ያሉት ወጣት መምህራን ትእዛዝ የሚጽፉበትን ጥቁር መስኮት አንድ ቀን አረንጓዴ፣ በማግስቱ ሐምራዊ ሲያደርጉት አይቼ፣ “ቀለሙን ቀብታችሁ ስትጨርሱ ቤቱን ትሠሩታላችሁ” እላቸው ነበር። የእኔ መስኮት እንደተገዛ ነው፤ ጥሩው ነጭ፣ ስህተቱ ቀይ።

ያኔ ከጋፋት ወዲያ ካለች ቤተ ክርስቲያን በስንት ልመና የተዋስነውን የብራና መጽሐፍ ፎቶ እናነሳ ነበር። እኔ አነሳለሁ፤ አብረውኝ የሚሠሩት መሪጌታ የየገጹን ጽሑፍ ይተይባሉ። ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ይመረምርና ውጤቱን በየገጹ አንድ አንድ መስመር አድርጎ በዚያ መስኮት ላይ ያወጣል። “የተበላሸ ካለ መስኮቱ ይነግርዎታል፤ ያኔ ይጥሩኝ” አልኳቸው። አልጠሩኝም። እጄ የተባረከ መሰለኝ።

መጽሐፉ የሚመለስበት ቀን የቤተ ክርስቲያኗ ቄሰ ገበዝ መጡ። ሁለተኛ እንደማይሰጡን አስቀድመው ነግረውናል። መጽሐፉን ከነማኅደሩ በትከሻቸው ሲያነግቱ መስኮቱን አየሁት፤ እኩሌታው ቀይ ነው።

“መሪጌታ፣ ይህ ሁሉ ቀይ ምንድን ነው?”

“እኔም ገርሞኛል! ለካ ማሽኑም ማክበር ያውቃል።”

“ምኑን?”

“ስሙን ነዋ! የጌታ፣ የእመቤታችን ስም በቀይ አይደል የሚጻፍ? ቀይ የወጣውን ለይቼ አኑሬዋለሁ፤ አልነካሁትም።”

“ተበላሽቷል ማለት እኮ ነው!”

ከወንበራቸው ተነሡ። “ስህተትን በቀይ? ማን ነው ይህን ያዘዘ?”

“ፈረንጅ።”

“ምስኪን፤ አልተማረም ማለት ነው” አሉና በሩ ላይ ሄደው ቆሙ። “አባ፣ ትንሽ ይታገሡን። እንዲህ እንዳለ ከወጡ መጽሐፉ ግማሹ ቀረ።”

“ባጃጅ ቆሞልኛል። ደግሞስ ባድር ምእመኑ ሸጠው አይለኝም?”

“አያድሩም። እርስዎ ራስዎ ይግለጡልን።”

ቄሰ ገበዙ ማኅደሩን አወረዱ። ካሜራውን ሳነሳ መሪጌታ እጄን ያዙኝ። “መጀመሪያ ያን ቀይ ከመስኮቱ አጥፋልኝ። ጥፋት በስሙ ቀለም እየተጻፈ እኔ አልሠራም።”

ልከራከር አሰብኩ፤ መከራከር ልማዴ ነው። ግን ተቀምጬ ቀለም መቀየር ጀመርኩ። ስህተቱን ቢጫ አደረግሁት። ዳራውን ብራና አስመሰልኩት። በተተየበው ጽሑፍ ውስጥ ቅዱስ ስም ሲመጣ ያ ቃል ብቻ ቀይ እንዲሆን አዘዝኩ።

ቄሰ ገበዙ ገለጡ፣ እኔ አነሳሁ፣ ቢጫው አንድ በአንድ ጠፋ። ሁሉም ሲያልቅ መሪጌታ እስካሁን የተየቡትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር በመስኮቱ ላይ ለቀቅሁት። ጥቁሩ ፊደል ይወርዳል፤ ስሙ ጋ ሲደርስ ይቀላል፤ እንደገና ይጠቁራል። በብራናውም እንዲሁ ነው፤ ማንነቱን የማናውቀው ጸሐፊ በዚያች ቃል ላይ ብዕሩን አኑሮ ሌላ ብዕር አንሥቷል። በዚህ ሁሉ ገጽ፣ በእያንዳንዷ። አንድም ጊዜ አልረሳም፤ አልታከተም። መጽሐፉን ስንት ቀን ሳገላብጠው የቆየሁ ሰው ይህን ያየሁት አሁን ነው።

ከውጭ የባጃጁ ሹፌር ጥሩምባውን ይነፋል። ቄሰ ገበዙ መጽሐፉን አቅፈው ዓይናቸውን ከመስኮቱ አልነቀሉም።

“ይጠብቅ” አሉ። “በሉ፣ ከላይ ጀምራችሁ አሳዩኝ።”