ክፍቱን የተተወው ሰዓት

ነገሩ የጀመረው በዘጠናዎቹ መጀመሪያ፣ ከጎንደር መጥተን በሰፈርንባት ባሕር ማዶ ከተማ፣ ናታንያ ውስጥ፣ አንድ እሑድ ከቀኑ በዐሥር ሰዓት ነው። ዛሬም በሰዓት መደብር ደጃፍ ሳልፍ ነገሩ የሆነበት ክፍል የዘይትና የባሕር ጨው ሽታ ይመጣብኛል።

እናቴ ቤቱን የምታጸዳለት ሽማግሌ ሰዓት ሰብሳቢ ነበር። ቁም ሣጥን እንዲያነሣለት አባቴን አስጠራው፤ እኔም ገና ተማሪና ዐይን አፋር ነበርሁ፣ ላስተረጉም ተከተልሁ። አባቴ ያኔ ሥራ አልነበረውም። ጎንደር ሳለ ቀጥቃጭ ነበር፤ በዚያ ሞያው «ቡዳ» ሲባል ስለኖረ ግን፣ ሥራ ወደሚያገናኘው መሥሪያ ቤት፣ ወደ ሊሽካ፣ በሄድን ቁጥር ሠራተኛዋ ሞያውን ስትጠይቅ «ገበሬ ነው በያት» ይለኛል። እነሱም ለገበሬ ሥራ የለም ብለው ይመልሱናል።

ቁም ሣጥኑ ከተነሣ በኋላ ሽማግሌው አንድ የእጅ ሰዓት አወጣ። እንደ ሳንቲም ስስ ነው፤ ቁጥር የሚጻፍበት ገጽ የለውም። ጥርሳም መዘውሮቹ ሲዞሩ ይታያሉ። ወደ መስኮቱ ሲያነሣው የባሕሩ ብርሃን በመካከላቸው አልፎ አባቴ ደረት ላይ ተርገበገበ።

«ምነው ክፍቱን ተዉት? ክዳኑ ጠፍቶ ነው?» አለ አባቴ። እያፈርሁ አስተረጎምሁ።

ሽማግሌው ሳቀ። «ካሉኝ ሁሉ ውዱ ይኼ ነው! ሠሪው ብረቱን በመጋዝ እየቀነሰ፣ እየሞረደ፣ እንዳይጎብጥ የሚበቃውን ብቻ ተወለት። እኔ የምወደው ሠሪው እጁን አለመደበቁን ነው።»

«ለመሆኑ ስንት ሰዓት ሆነ?» አለ አባቴ።

ሽማግሌው ቢያይ ቢያይ ዘንጉና መዘውሩ ተምታታበት፤ ዞሮ የወጥ ቤቱን የግድግዳ ሰዓት አየ። እዚህ አገር ከገባን ወዲህ አባቴ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም ነበር።

ስንመለስ ግን የእሳት ፍንጣሪ የጠበሳቸውን እጆቹን ኪሱ ከትቶ ሄደ። ደረጃችን ሥር ስንደርስ፣ «እኔ ወናፌን ጓሮ ደብቄ ነበር የምሠራው» አለ። «እዚህ የሠሪውን እጅ ለማየት ይከፍላሉ?»

«አዎ፣ አባ።»

«አይፈሩትም?»

«አይፈሩትም።»

በማግስቱ ጧት ሊሽካ ሄድን። ሠራተኛዋ እንደ ወትሮው ሞያውን ጠየቀች። አባቴ እጆቹን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው። አባቴም እነዚያ እጆችም አሁን የሉም፤ ጠባሳቸውን ግን አንድ በአንድ አስታውሰዋለሁ።

«ቀጥቃጭ ነው በያት» አለኝ። «ጮክ ብለሽ።»

ድምፄ ዛሬም ዝግ ያለ ነው። የዚያን ጧት ግን ከኋላችን የተሰለፉት ሁሉ እስኪሰሙ ተናገርሁ።