የምዘላት ቃል

ከመድኃኒት ቤቴ ባንኮኒ ላይ ነው የወሰዱኝ። የደብረ ታቦር ፖሊስ ጣቢያ ሞልቶ ስለነበር የድሮ እህል መጋዘን ውስጥ አስገቡን። የጤፉ ብናኝ ገና ከግድግዳው አልለቀቀም፤ አንዱ ሲስል ሁላችንም እንስላለን። የጉና ተራራ ብርድ በቆርቆሮው ሥር ይገባል።

ሲወስዱኝ ሴት ልጄን ትኩሳት ይዟት ነበር። ለአገሩ ልጅ ሁሉ ሽሮፕ ስሰጥ ኖሬ ለገዛ ልጄ አለመድረሴ አንገበገበኝ። የተናደድሁት ባሰሩኝ ሰዎች አልነበረም፤ በእግዜር ነው።

አብረውን የታሰሩ አንድ ሽማግሌ ቄስ ጧት ጧት አባታችን ሆይ ያስደግሙናል። «ፈቃድህ በሰማይ እንደሆነች» ላይ ስንደርስ አፌን እዘጋለሁ። «የዕለት እንጀራችንን» ሲባል እቀላቀላለሁ። እንጀራው ምን አደረገኝ?

አባ ልብ ብለውኛል። «ልጄ፣ አንዷን ትዘላለህ» አሉኝ።

«አዎ አባ፤ ልጄን ካዳነልኝ እላታለሁ። እስከዚያ ተኳርፈናል።»

ይቆጡኛል ስል፣ «ኩርፊያ የቤተሰብ ነው። ብቻ ቆመህ አኩርፍ፤ ከጸሎቱ አትቅር» አሉኝ።

አንድ ምሽት ስንቅ ሲገባ፣ አብሮን የታሰረ አንድ ሙስሊም ጨርቅ ነጋዴ «በሞቴ» እያለ ጉርሻ ይደራርብልኝ ጀመር። ሌሎቹም ተከተሉት። ዓይናቸውን ግን ያሸሹብኛል። ስንቁን ያመጣው የሚስቴ ወንድም በሩ ላይ ለአባ ሹክ ብሏቸው ኖሯል። መርዶ የሚነገረው ሰው በልቶ ካደረ በኋላ፣ ጎሕ ሲቀድ መሆኑን የአገሩ ልጅ ነኝና አውቃለሁ፤ ግን አልጠረጠርሁም። መጠርጠር ስላልፈለግሁ ይሆናል።

ጎሕ ሲቀድ ቀሰቀሱኝ። ሁሉም ቆመዋል። አባ እጄን ይዘው፣ «ልጅህ ዐርፋለች» አሉኝ። ጮህሁ፤ ምን እንዳልሁ አላስታውስም። ነጋዴው ከኋላዬ አቅፎ፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥህ» እያለ አብሮኝ አለቀሰ።

ፀሐይ ስትወጣ አባ ለጸሎት ቆሙ። «መንግሥትህ ትምጣ» አሉና ተገቱ። ያችን ቃል ሊሏት አፋቸውን ይከፍታሉ፤ እኔን ሲያዩ አልወጣ አላቸው። ዕድሜ ልካቸውን የደገሟት ናት። ሽማግሌው በእኔ የተነሣ በአምላካቸው ፊት እንዲያ አፋቸው ተይዞ መቆማቸው አንጀቴን በላው።

«ፈቃድህ» አልሁ፣ ድምፄ እየተቆራረጠ። እስከ መጨረሻዋ አልኋት። ስላመንሁባት አልነበረም፤ ለእሳቸው ብዬ ነው። አባ ዕንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው ቀጠሉ።

ከእስር ተፈትቼ ዛሬ መድኃኒት ቤቴን መልሼ ከፍቻለሁ። አንዳንድ ጧት ያችን ቃል እላታለሁ። እናት የታመመ ሕፃን አዝላ በመጣች ማግሥት ግን አልላትም። እግዜርን ይቅር ብዬው እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ከቤቱ ግን አልወጣሁም።