የ«በእኔ ይሁን» ዕዳ

ሶፋ ሠሪው እጁ ወርቅ ነው፤ ጉዱ አፉ ነው። ካፌ ውስጥ ሒሳብ ሲመጣ ማንም ሳይቀድመው «በእኔ ይሁን» ይላል። ሌላ ሰው እጁን ወደ ኪሱ ከላከ ደግሞ እንደ ተሰደበ ሁሉ ፊቱ ይለዋወጥና በሞቴ ብሎ ይገዝተዋል። ስለዚህ ሰፈርተኛው እጁን ወደ ኪሱ መላክ ተወ። ስሙንም ተወና «በእኔ ይሁን» ብሎ ጠራው። እሱ ይህን እንደ ማዕረግ ቆጠረው።

ደግነቱ ከየት እንደሚቀዳ የጠየቀ ጠጪ አልነበረም። የሚቀዳው ከታላቅ እህቱ ነበር። እህቱ ፀጉር ሠሪ ናት፤ ዕድሜዋን በሰው ሱቅ ውስጥ ቆማ የፈጀች። የራሷን ቤት ለመክፈት ያጠራቀመችውን ለቆዳ መግዣ ነው፣ ወር አይሞላም ብሎ ወሰደባት። ቆዳስ በእርግጥ ገዛ፤ ትንሽ። የቀረው በብርጭቆ አለቀ፤ ወሩም ዓመት ወለደ።

አንድ ቀን ወርክሾፑ ድረስ መጣች። አልጮኸችም። ጥግ ላይ ያለው ሱቅ እንደሚከራይ፣ ባለቤቱም ከዓመቱ መጨረሻ አልፎ እንደማይጠብቃት ነገረችው። ልትወጣ ስትል ዞር ብላ፣

«ሰው የምትጋብዘው በእኔ እግር ነው፤ ቀኑን ሙሉ በምቆምበት እግር» አለችው።

ያን ቀን መዶሻው ከምስማሩ ይልቅ አውራ ጣቱን ሲያገኝ ዋለ።

በማግስቱ ወሰነ። ታዳሚ የሌለው ውሳኔ ውሳኔ የማይመስላቸው ሰዎች አሉ። ጓደኞቹን ሰብስቦ ካፌው መሐል ቆመና ከእንግዲህ መጋበዝ ማቆሙን እንደ አቋም መግለጫ አነበነበ። አጨበጨቡለት። ከሁሉም በላይ የተነካው ከጓደኞቹ አንዱ፣ ደላላው ነበር፤ ዓይኑን እየጠረገ ሌላ ዙር አዘዘ። የዚያን ምሽት ሒሳብ ማን እንደ ከፈለ መናገር አንባቢን መናቅ ነው።

ነገሩ በዲስኩር እንደማይሆን ያኔ ገባውና ድምፁን አጥፍቶ ወጪውን ይቀንስ ጀመር። ትልቁን ቴሌቪዥን ሸጠ፤ ሚስቱ እሰይ፣ ግድግዳችንን አየነው አለች። ምሳውን በምሳ ዕቃ ይዞ መጣ። ታክሲውን ትቶ በእግሩ፣ ያውም ካፌውን ላለማየት በጋራዦቹ በኩል ዞሮ መሄድ ለመደ። ሥራ ጨርሶ የተከፈለውን ቤት ሳያሳድር ለእህቱ ይልካል፤ ኪሱን ከሌባ ለይቶ አያየውምና።

ዕረፍት ግን አጣ። ሲመሽ እግሩን ይበላዋል። ይቀመጣል፣ ይነሳል፤ መስኮት ከፍቶ ይዘጋል፤ ያልላላ ወንበር ያጠብቃል። አሁን ማን እየከፈለላቸው ይሆን የሚለው ሐሳብ ከዕዳው ይልቅ አንገበገበው። ሚስቱ እባክህ አትንቆራጠጥብኝ፣ ወይ ውጣ ወይ ተቀመጥ ትለዋለች። ቢወጣ የት እንደሚሄድ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ይቀመጣል።

የመጨረሻውን ክፍያ በደረት ኪሱ ይዞ ወደ እህቱ ሲሄድ ደላላው መንገድ ላይ አገኘውና ክንዱን ይዞ ካፌ አስገባው። ጓደኞቹ ሁሉ ነበሩ። እነሱ እንደ ልማዳቸው ጠጡ፤ እሱ አንድ ሻይ። ሒሳቡ ሲመጣ አንዱ ስልኩ ላይ አፈጠጠ፤ ሌላው የታሰረ የጫማ ክሩን ፈትቶ ማሰር ጀመረ። ሶፋ ሠሪው ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«የእኔ ሻይ ስንት ነው?» አለ።

ደላላው ሳቀ። «ወንድሜ፣ አሞሃል እንዴ?»

«የሻዩን ብቻ ንገረኝ» አለው አስተናጋጁን፣ በቀጠነ ድምፅ።

ከፍሎ ወጣ። በመስታወቱ ዞር ብሎ ሲያይ፣ ሳንቲም የለኝም ባይ ሁሉ ከየኪሱ ብር እያወጣ ነበር። ይህን ያህል ገንዘብ እዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ኖሯል።

እህቱ ቆጠረችው። ቆጥራ ስትጨርስ እንደገና ቆጠረችው። ቅር አላለውም ማለት ውሸት ነው። ከዚያ ሻርፗን አንስታ ወደ ሱቁ ባለቤት ልትሮጥ ስትል አብሬሽ ልሂድ አላት።

«ተው፣ አንተ ከመጣህ እሱንም ትጋብዝብኛለህ።»

ደጃፏ ላይ ቀረ። ዕዳ የለበትም፤ ካፌ የሚጠብቀውም ሰው የለም። ብዙም ሳይቆይ ከጥጉ ሱቅ የብረት መዝጊያ እየተንጓጓ ሲከፈት ሰማ። ሄዶ ማየት አማረው፤ አትምጣ ተብሏል። ወደ ቤትም እግሩ እሺ አላለውም። መንገዱ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል ጨለመበት።