የታየ ነው ወይስ የታሰበ?

የእስቴው አጎቴ፣ መሪጌታው፣ አርፈዋል፤ ጥያቄያቸው ግን አሁንም ያናድደኛል።

በጥንቱ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መሬት ውስጥ የሚያይ ራዳር እየጎተትኩ ከአፈር በታች የቀረውን ግንብ እፈልጋለሁ። ከዚያ በኮምፒውተር የግንቡን ሞዴል ሠርቼ፣ ግንቡ በእርግጥ ቢኖር የሚሰጠውን ምልክት ራዳሩ ካመጣው ጋር አስተያያለሁ። ገጠመልኝ ብዬ ሳሳያቸው በጭራቸው እጀታ ስክሪኑን መታ መታ አድርገው፣ «የታየ ነው ወይስ የታሰበ?» ይሉኝ ነበር።

«የታሰበ ነው የኔታ፤ ግን ገጥሟል።»

«እንግዲያው ገና ነው» ብለው ወደ ቅኔ ተማሪዎቻቸው ይመለሳሉ። ስንቴ አቃጥለውኛል።

እዚያው ግቢ ቀበርናቸው። ትናንት ራዳሩን ሳሳልፍ ከግንቡ ምልክት አጠገብ አዲስ ጉድጓድ ስክሪኑ ላይ ወጣ። ሞዴል አላስፈለገውም፤ አፈሩን የመለስነው እኛው ነን። ይኸው የኔታ፣ የታየ አመጣሁልዎ።