የሃምሳ አለቃ ክብሩ ጥርስና ጡሩንባ

ሐዋሳ ጫፍ፣ ቱላ ውስጥ ሃምሳ አለቃ ክብሩን የማያውቅ ሰው ካለ ወይ ትናንት የገባ ነው፣ ወይ ጆሮው አይሰማም። ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሃምሳውን ጡሩንባ ሲነፋ ነው ያሳለፈው። በጦሩ ውስጥ ሲያነቃም፣ ሲያበላም፣ ሲያስተኛም የኖረው እሱ ነው። ጄኔራል የሚባለው ሰውዬ እንኳ ክብሩ ሳይነፋ ምሳ አይቀርብለትም ነበር። ይሄን የምለው ሰው ነግሮኝ አይደለም፣ በዓይኔ አይቼ ነው።

ጦሩ ከተበተነ ወዲህ ግን የሚነፋው ለሞተ ሰው ብቻ ሆነ። ሐዋሳ ያሉ የድሮ ወታደሮች የራሳቸው እድር አላቸው። አባል ሲሞት እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ሳጥኑን ባንዲራ ያለብሳል፣ መቃብሩ አፋፍ ላይ ደግሞ ክብሩ የመኝታዋን ጡሩንባ ይነፋል፤ ያቺን ማታ ማታ ሠፈሩ ሁሉ ፀጥ የሚልባትን። ባሏ ለሞተባት ሴትም የጡረታውን ወረቀት ይዘው ከቢሮ ቢሮ የሚሮጡላት እነሱ ናቸው። ባንዲራው ታዲያ አንድ ብቻ ነው። ሳጥኑ ሊወርድ ሲል ይነሳል፣ ይታጠፋል፣ ለሚቀጥለው ይቀመጣል። ጠርዙ ሁለት ጊዜ ተዘምዝሟል።

ለሚስት ድንኳኑና ንፍሮው እንጂ ባንዲራም ጡሩንባም የለም። ደንቡ እንደዛ ይላል። የክብሩ ሚስት አስካለ ከአራት ዓመት በፊት ስትሞት ክብሩ ደንቡን ሰማ። ሳጥኗ ሲወርድ ግን ከጋቢው ስር ጡሩንባዋን አወጣና ነፋላት፤ ከየግንባሩ እስኪመለስ ጠብቃው የኖረች ሴት በምን ታንሳለች ብሎ። እድሩ ለሦስት ወር ድንኳን እንዲሸከም ቀጣው። ጉልበቱ የተበላሸው ያኔ ነው። አንድም ቀን ግን አጥፍቻለሁ ብሎ አያውቅም።

ከዛ በኋላ መቆፈርም መሸከምም አቃተው። ተውት። ጡሩንባዋ ትበቃዋለች ተባለ። በእድሩ ውስጥ የቀረችው ሥራ እሷ ብቻ ነበረች ማለት ነው።

ወደ ጥርሱ ልምጣ። ባለፈው ነሐሴ ባህል አዳራሽ መንገድ ዳር የተጠበሰ በቆሎ ገዝቶ እየጋጠ ሲሄድ የላይኛው የፊት ጥርሱ ተነቃነቀ። በሳምንቱ ወደቀ፣ ጎረቤቱንም ይዞት ሄደ። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ቀላል ያደርገዋል። ጡሩንባ የሚነፋ ሰው ግን ከንፈሩ የሚደገፈው በነዛ በሁለቱ ጥርሶች ነው። ቤቱን ዘግቶ ሲሞክር ፍስስ የሚል አየር ብቻ ወጣ። ብዙ ሲታገል ሦስት ወፍራም ወፍራም ድምፆች አገኘ፤ የመኝታዋ ጡሩንባ ግን ወደ ላይ የምትወጣ ነገር ናት፣ እዛ የሚያደርሰው ከንፈር የለውም።

ለማንም አልተናገረም። ጋቢውን እስከ አፍንጫው እየሳበ ስብሰባ ይቀመጣል። የእድሩ ሰብሳቢ ሻለቃ ሙሉጌታ ጉንፋን ነው ብለው ዝንጅብል ላኩለት።

በዚህ መሀል ነው ሕዝቅያስ አልጋ የያዘው። ሕዝቅያስ የጦሩ ወጥ ቤት ነበር፤ ክብሩ ሲነፋ ድስቱን የሚከፍተው እሱ ነው። የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ሆኖ በሰላም የሚኖር ሰው ነበር፣ ኩላሊቱ ባይከዳው። ክብሩ ሊጠይቀው ሄዶ አጠገቡ ተቀመጠ፣ እንደልማዱ እጁን አፉ ላይ አድርጎ።

«ምነው አፍህን ያዝክ፣ ከአሁኑ ሸተትኩህ?» አለው ሕዝቅያስ።

ክብሩ ጥርሴን አመመኝ አለ። ውሸትም አልነበረም።

ሕዝቅያስ ድንኳኑም ባንዲራውም ቢቀርበት ግድ እንደሌለው ነገረው። አንድ ነገር ብቻ ነው የፈለገው። «ሲበትኑን ማንም በቃችሁ፣ ሂዱና እረፉ ያለን የለም» አለው። «እንዲሁ መንገድ ለመንገድ በታተንን። አንተ በለኝ። የመኝታዋን ንፋልኝና በቃህ በለኝ።»

ክብሩ እሺ አለ። ሌላ ምን ይላል?

ሕዝቅያስ ሐሙስ ሞተ። ቀብሩ አርብ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በቡሹሎ መንገድ ባለው መቃብር ሆነ። ክብሩ ጠዋት ተነስቶ ሻማ ገዛ። ሰሙን በጣቱ እያሸ፣ ከመስታወት ፊት ቆሞ፣ በጎደለው ቦታ ሁለት ጥርስ ሠራ። ነፋ። ድምፁ ወጣ፤ ላይኛውም ጭምር። በእጁ ሙያ ኮራ፣ ለምን ይዋሻል። እኔ ራሴ በዛ ዕድሜ እንዲህ ያለ ብልሃት የሚመጣለት ሰው ሁለት ብቻ ነው የማውቀው።

ያላሰበው ፀሐዩን ነው። የሐዋሳን የስምንት ሰዓት ፀሐይ ታውቁት የለ። መዘምራኑ ዘመሩ። ፓስተሩ የሕዝቅያስን ደግነት ዘረዘረ፣ ደግሞ ጸለየ፣ ደግሞ ሰበከ። ወዲያ ማዶ ሁለት አባ ኮዳዎች፣ እነዛ ራሰ በራ ትልልቅ የሐይቅ ወፎች፣ አንገታቸውን ቀብረው እንደ ጡረተኛ ካፖርት ለብሰው ቆመዋል። ሽማግሌ ወታደሮቹም እንደነሱ። ክብሩ የሰም ጥርሱ በምላሱ ጫፍ ሲለሰልስ ተሰማው። አፉን ቢዘጋም ባሰበት፣ ቢከፍትም ባሰበት። ፓስተሩ አሜን ባለ ሰዓት ሰሙ እንደ ማስቲካ ሆኖ ላንቃው ላይ ተጣብቋል።

ባንዲራው ተነሳ። ሻለቃው በዓይናቸው ምልክት ሰጡት።

ሰሙን በመሀረብ ተፍቶ ጡሩንባዋን አነሳ። የመጀመሪያዋን ድምፅ አገኛት። ሁለተኛዋንም። ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ግን ትንፋሹ አንሸራተተው፣ ተመልሶ እነዛው ሦስቱ ወፍራም ድምፆች ላይ ወደቀ። ማቆም አፈረ። አፉ ደግሞ ሃምሳ ዓመት የለመደውን ያውቃል፤ በነዛ ሦስት ድምፆች የሚነፋ አንድ ነገር ብቻ አለ። ሳይፈልግ የምሳዋን ጥሪ ከዳር እስከ ዳር ነፋት።

መዘምራኑ አለቀሱ። ፓስተሩም ዓይኑን ጠረገ። ለማያውቅ ሰው እኮ ታሳዝናለች። የተሰለፉት ሽማግሌዎች ግን መሬት መሬቱን እያዩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። አንዱማ እጁ ሳያውቀው ማንኪያ ፍለጋ ወደ ኪሱ ገብቷል። ሻለቃ ሙሉጌታ ጺማቸውን ነክሰው ቆሙ።

ከቀብር ለቅሶ ቤት ሲመለሱ ክብሩ ያቺን ጓደኛውን ያልሸኘባትን ጡሩንባ ይዞ ከድንኳኑ ጥግ ተቀመጠ። ሰው የሳቀበት አልከበደውም። በቃህ ሊለው ቃል ገብቶለት፣ ና ብላ ብሎ ነው የሸኘው።

ብርቅዬ፣ የሕዝቅያስ ሚስት፣ ካምፕ ውስጥ ልጅ ያሳደገች ሴት ናት፤ ጡሩንባ ትለያለች። አስጠራችው።

«ክብሩ፣ የምሳዋን ነፋህለት አይደል?»

ጋቢውን አወረደና አፉን ከፍቶ አሳያት። ረጅም ጊዜ አየችው።

«ሌላችሁ በማታዋ ነበር የምታርፉት» አለችው። «እሱ ግን ከሌሊት ጀምሮ ድስት ሲያማስል ቆይቶ፣ ያቺ ተነፍታ ሰው ሲበላለት ነበር ሽርጡን ፈትቶ የሚቀመጠው። በቃህ ብለኸዋል።»

ክብሩ አላመናትም። ለማጽናናት ነው ብሎ አሰበ፤ ሐዘንተኛዋ እሱን ማጽናናቷ ደግሞ ይበልጥ አሳፈረው። ግን ቃሏን ይዞ ሄደ፣ እስካሁንም ከልቡ አልወጣችም።

በሰልስቱ ጡሩንባዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ሻለቃ ሙሉጌታ ፊት አስቀመጣት። ስለ በቆሎውም ስለ ሻማውም ተናዘዘ። ከእድሩ ቢያስወጡት እንደማይከፋው ተናገረ።

«ሰማሁ እኮ። ሆዴ ጮኸ» አሉት ሻለቃው። ሳይስቁ ነው ያሉት። ከአግዳሚው ስር ባንዲራው የሚቀመጥበትን ሳጥን ስበው ሰጡት። ከእንግዲህ አጣቢውም ጠባቂውም እሱ እንዲሆን።

«ጡሩንባውንስ ማን ይንፋ፣ ጌታዬ? ለእኔስ?»

«ማንም። ስንበተንስ ማን ነፋልን?»

ክብሩ ሳጥኑን ይዞ በባጃጅ ቱላ ገባ።

በነጋታው ባንዲራውን በሳፋ ዘፍዝፎ፣ የመቃብሩን አቧራ በቀስታ አሽቶ አስለቀቀና ግቢው ውስጥ ገመድ ላይ አሰጣው። ጎረቤቱ ጫልቱ በአጥር በኩል አየችና ደነገጠች።

«አባባ፣ ደግሞ ማን ሞተብዎት?»

«ማንም» አላት። «ለሚቀጥለው ነው።»

የጫልቱ ፍየሎች ገመድ ላይ ያገኙትን ሁሉ ይበላሉ። ስለዚህ ዱላውን ይዞ፣ ወንበሩን ከገመዱ ስር አድርጎ፣ እስኪደርቅ ተቀመጠ።